ስድስት ቀን በማካንዳ፦ ተመልካቹን ሳዳምጥ

ሐሙስ፣ ሰኔ 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

አዲስ አበባን በዝናብ ትቻት ወጣሁ። ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ ታናሽ ወንድሜ ዘንድ ሁለት ሌሊት አደርኩና ዛሬ ረፋድ ላይ ፖርት ኤልዛቤት ወረድኩ። ከተማዋ ከ2013 ወዲህ በኮሳ ቋንቋ ቄቤሃ ተብላለች። "ቄ" ብዬ የጻፍኩት ድምፅ በእኛ ፊደል የለም፤ ምላስ ከላንቃ ሲላቀቅ ጧ የሚለው ነው። ወደ ማካንዳ የሚወስደን ሚኒባስ ሾፌር ሦስት ጊዜ አስደገመኝ፤ በሦስተኛው "ይበቃል፣ ሰው ይረዳሻል" አለኝ።

ሾፌሩ የኒው ብራይተን ልጅ ነው። ይህን ሲነግረኝ ደነገጥኩ፤ ይህን ሁሉ መንገድ ያስመጣኝ በዚያ ሰፈር የሆነ ነገር ነውና። ዩኒቨርሲቲ ቴያትር ጥበባት ስንማር አንድ መምህራችን አጫወቱን። ጆን ካኒ፣ ዊንስተን ንትሾናና አቶል ፉጋርድ እንደ ፈረንጆች በ1972 አብረው የሠሩት "ሲዝዌ ባንዚ ሞቷል" የሚባል ቴያትር አለ። ሲዝዌ ከገጠር ሥራ ፍለጋ ወደ ፖርት ኤልዛቤት የመጣ ሰው ነው። በዚያ ዘመን ጥቁር ሰው ያለ ይለፍ ደብተር ከተማ መቆየት አይችልም፤ የእሱ ደብተር ላይ ደግሞ ወደመጣህበት ተመለስ የሚል ማኅተም አርፎበታል። አንድ ሌሊት ከጓደኛው ጋር ሲመለስ መንገድ ላይ የሞተ ሰው ያገኛሉ። የሟቹ ደብተር የሥራ ፈቃድ አለው። ፎቶውን ቀይሮ በሟቹ ስም ይኑር ወይስ የገዛ ስሙን ይዞ ይባረር? ቴያትሩ ኒው ብራይተን ሲታይ፣ እዚህ ቦታ ላይ ተመልካቹ ቁጭ ብሎ ማየት አቃተው። ውሰድ የሚሉና ተው የሚሉ ተነሡ፤ ክርክሩ አዳራሹን ሞላው፤ ተዋንያኑም ቆመው አዳመጡ።

ያን ቀን ክፍል ውስጥ የሰማሁት ነገር አልለቀቀኝም። ከተመረቅኩ በኋላ ለዓመታት ረዳት አዘጋጅ ሆኜ ሠርቻለሁ። ረዳት አዘጋጅ ቴያትሩን ከፊት ለፊት አያየውም፤ ከመጋረጃው ጎን ቆሞ የተመልካቹን ድምፅ ያዳምጣል። ዛሬ ቀልዱ አልተያዘም፣ ዛሬ ሁለተኛው ገቢር ከብዷቸዋል፣ ዛሬ ወንበሩ ይንቋቋል ይላል። ከንፈር የሚመጠጥበትን፣ "እሰይ!" የሚባልበትን፣ ክፉው ገጸ ባሕርይ ሲገባ ከኋላ ወንበር ስድብ የሚወረወርበትን ቦታ በቃሌ አውቀው ነበር። ስለዚህ እዚህ የመጣሁት አዲስ ቴያትር ለማየት ብቻ አይደለም፤ ሌላ አገር ሰው እንዴት እንደሚያይ ለመስማትም ነው።

መንገዱ 125 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማካንዳ በኮረብታዎች መካከል የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት፤ መሀሏ ላይ የካቴድራሉ ሾጣጣ ማማ ቆሟል፣ አህዮች በዋናው መንገድ ላይ ያለ ነጂ ይሄዳሉ። የአጥሩ ሽቦ፣ የመብራት ምሰሶው፣ የዛፉ ግንድ ሁሉ ፖስተር ለብሷል። እዚህ በየዓመቱ በሰኔ መጨረሻ አካባቢ የሚካሄደው ብሔራዊ የጥበብ ፌስቲቫል እንደ ፈረንጆች ከ1974 ጀምሮ የቆየ ነው፤ ዘንድሮ ሃምሳ ዓመቱን ይዟል። ዛሬ የመክፈቻው ቀን ነው። ብርዱ ግን ክፉ ነው፤ እኛ ክረምት የምንለው ዝናብን ነው፣ የእነሱ ክረምት አጥንት ድረስ ይገባል።

ያረፍኩት በዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ውሃ የተሞላ ባልዲ ተቀምጧል። ውሃ በፈረቃ ነው አሉኝ፤ አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ዓርብ፣ ሰኔ 14

ጠዋት በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ የአንዲት ሴት ቴያትር አየሁ። የቴያትሮቹን ስም የማልጽፈው አብዛኞቹ ገና አራተኛና አምስተኛ ጊዜ የሚታዩ፣ በየምሽቱ አንድ ነገር የሚጨመርባቸው ወይም የሚቆረጥላቸው ስለሆኑ ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሥራ ስሙ ሳይነሣ ቢያድግ ይሻላል።

ፌስቲቫሉ በሁለት የተከፈለ ነው። አንደኛው አዘጋጆቹ መርጠው የሚጋብዙት ዋናው ፕሮግራም ነው፤ ሌላው "ፍሪንጅ" የሚሉት፣ ማንም ቡድን ተመዝግቦ፣ አዳራሽ ተከራይቶ፣ በራሱ ኪሳራና ትርፍ የሚያሳይበት። የጠዋቱ የፍሪንጅ ነበር። አዳራሹ መቶ ሰው ይይዛል፤ የነበርነው ዘጠኝ ነን። ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ዘጠኝ ሰው መስማት ምን ያህል እንደሚያስፈራ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ለልጅቷ ጨነቀኝ።

ታሪኩ ስለ አባቷ፣ ጆሃንስበርግ አካባቢ የወርቅ ማዕድን ሲቆፍር ሳንባው በድንጋይ አቧራ ስለተጎዳ ሰው ነው። ከዚህ ክፍለ ሀገር ለትውልዶች ወንዶች ወደ ወርቁ ሄደዋል፤ ብዙዎቹ ሲሊኮሲስ የሚባለውን የሳንባ በሽታ ይዘው ተመልሰዋል። ከኩባንያዎቹ ጋር የተደረገውን 5 ቢሊዮን ራንድ ያህል የካሳ ስምምነት ፍርድ ቤት በ2011 አጽድቆታል። ልጅቷ በቴያትሩ ውስጥ የአባቷን የሥራ ማስረጃ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ትዞራለች። አባቷን የምታሳየው በሳል ነው፤ ሌላ ምንም አትጨምርበትም።

ግማሽ ላይ ስትደርስ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ሳሉ። በሙያዬ የተመልካች ሳል እጠላለሁ፤ መሰልቸት ማለት ነው። ይህ ግን ቶሎ የሚያልቅ አልነበረም። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው፣ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሳሉ፣ ሳሉ። ልጅቷ ቃለ ተውኔቷን አቆመች። መድረኩ ላይ ከነበረችው ትንሽ ጠረጴዛ የውሃ ብርጭቆውን አነሣች፣ ወረደች፣ ሰጠቻቸው። ጠጡ። ብርጭቆውን ተቀብላ ተመለሰች፤ የአባቷ ወንበር ላይ አስቀመጠችውና ቀጠለች። ከዚያ በኋላ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የተንቀሳቀሰ ወንበር የለም።

ሲያልቅ በሩ ላይ ቆማ ሰው ሁሉ እየጨበጠች አመሰገነች፤ እዚህ ልማዱ ነው። ሽማግሌው እጇን ይዘው ረጅም ነገር በኮሳ ነገሯት። አጠገቤ የነበረችውን ተማሪ ጠየቅኳት። ሃያ ሁለት ዓመት ከመሬት በታች መሥራታቸውን፣ ካሳውን ለማግኘት ገና ወረቀት እየሞሉ መሆኑን ነው የነገሯት። ልጅቷ ደግሞ የየትኛው ማዕድን ሠራተኛ እንደነበሩ ጠይቃ እስክሪብቶ አውጥታ መዳፏ ላይ ጻፈች።

ከሰዓት በኋላ ኮረብታው ላይ ወዳለው ሞኑመንት ወጣሁ። እንደ ፈረንጆች በ1820 ለመጡት እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች መታሰቢያ የተሠራ ግዙፍ ሕንፃ ነው፤ የፌስቲቫሉ ትልቁ አዳራሽ እዚህ ነው። ከደጁ ሆኜ ስመለከት ከተማው ከታች ተዘርግቷል፣ ከሸለቆው ማዶ ደግሞ ጆዛ የሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ኮረብታውን ሸፍኖታል። ያ ወገን እንደ ፈረንጆች በሚያዝያ 1819 ማካንዳ፣ በሌላ ስሙ ንኬሌ፣ የኮሳን ተዋጊዎች መርቶ የእንግሊዞችን ሰፈር ያጠቃበት ነው። ተሸንፎ ሮበን ደሴት ታሰረ፤ ሲያመልጥ ባሕር ላይ ሞተ። ሕዝቡ ግን ይመለሳል ብሎ ብዙ ዘመን ጠበቀው። ዛሬም በኮሳ "የንኬሌ መምጣት" የሚባል ፈሊጥ አለ፤ ተጠብቆ የማይመጣ ነገር ማለት ነው። ሆኖም ስሙ መጥቷል፤ ግራሃምስታውን የነበረችው ከተማ ከ2011 ጀምሮ በእሱ ስም ትጠራለች።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ቴያትሩ ዳንስ ይበዛዋል፤ ስለ አንድ ቤተሰብና ስለ አያቶች መንፈስ ነው። አንዲት አሮጊት ገጸ ባሕርይ አያቶቿን በስም እየጠራች ስታመሰግን፣ ከአዳራሹ ግማሽ "ጫማጉ!" የሚል ድምፅ ተነሣ። የቃሉ መነሻ "ጫ" አይደለም፤ እኛ ስናዝን ምላሳችንን ከጥርስ ጀርባ መጥጠን የምናወጣው ያ "ምጽ" ነው። እኛ ዘንድ ቃል ያልሆነው ድምፅ እነሱ ዘንድ ፊደል ነው፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሲመላለስ የአገር ቤት ተመልካች ከንፈር የመጠጠ እየመሰለኝ ልቤ ተላወሰ። ትርጉሙ ሌላ ነው፤ አሜን እንደማለት ያለ፣ የመባረክና የመስማማት ቃል ነው። የቀረው ግማሽ፣ አብዛኛው በዕድሜ የገፋ ነጭ ተመልካች፣ ዝም አለ፤ አንዳንዶቹ ዞር ብለው ማን እንደተናገረ አዩ።

ሳቁም ሁለት ነበር። ተዋናዩ አንዱን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ይጀምርና በኮሳ ይጨርሰዋል። ቀልዱ እንግሊዝኛው ላይ ሲሆን ግራው ይስቃል፣ ኮሳው ላይ ሲሆን ቀኙ። ሁሉም አንድ ላይ የሳቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፦ ተፋትተው በቤት ኪራይ ውድነት አንድ ጣሪያ ሥር ስለሚኖሩ ባልና ሚስት ሲወራ። ግንቦት 21 ምርጫ ተደርጎ ገዢው ፓርቲ ለመጀመሪያ ጊዜ አብላጫውን አጥቷል፤ ፕሬዚዳንቱ ከትናንት በስቲያ፣ ረቡዕ፣ ቃለ መሐላ የፈጸሙት የጥምር መንግሥት ተስማምተው ነው። ተዋናዩ ስለዚህ ምንም አላለም። ስለ ቤት ኪራይ ብቻ ነው የተናገረው፣ ሳቁ ግን ጣሪያውን አነሣው።

ሲያልቅ ሁሉም ተነሥቶ አጨበጨበ። እዚህ ተነሥቶ ማጨብጨብ ብዙ ነው፤ እንደ ሰላምታ ነው። እኔ የማምነው ደረጃው ላይ የሚባለውን ነው። አንዲት ነጭ አሮጊት ወደ አንድ ወጣት ጠጋ ብለው "ሁላችሁም ያላችሁት ቃል ምንድነው?" ሲሉ ሰማሁ። ነገራቸው። እዚያው ደረጃው ላይ ቆመው ድምፁን ሊያወጡ ሞከሩ፤ ልጁም አፉን ከፍቶ ምላሱ የት እንደሚያርፍ አሳያቸው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 15

ዛሬ ጆዛ ሄድኩ። ወንድሜ "እዚያ የሆሳዕና ልጅ አለ፣ ሳታይው እንዳትመለሺ" ብሎኝ ነበር። እዚህ ያሉ የአገራችን ሰዎች እንዲህ ያለውን ሰፈር "ሎኬሽን" ነው የሚሉት። ሱቁ ከመንገዱ ዳር ነው፤ በብረት ፍርግርግ በኩል ይሸጣል፤ ዳቦ፣ የበቆሎ ዱቄት፣ ላምባ፣ የሞባይል ካርድ፣ ሲጋራ በፍሬ። ደንበኞቹ "ማይ ፍሬንድ" ነው የሚሉት፤ ስሙን የሚያውቅ ያለ አልመሰለኝም። በፍርግርጉ በኩል "እንደምን አደርክ" ስለው እጁ ላይ የነበረውን ሳንቲም ጣለው። "እህቴ! ግቢ፣ ግቢ በኋላ በኩል!"

ከሆሳዕና የወጣው በ2003 ነው። ሚስቱ የዚሁ ሰፈር የኮሳ ሴት ናት፤ ሁለት ልጆች አሏቸው። ቡና አፈላችልኝ፤ ሥርዓቱን ከእሱ ተምራ ከእኔ በላይ ተጠንቅቃ ትቆላለች። አማርኛዋ "ቡና"፣ "ነይ ብይ" እና "ተው" ነው።

ስምንት ዓመት ሙሉ ይህ ሁሉ ሰው ሊያየው የሚመጣውን ፌስቲቫል አይቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት። "ሱቅ ማን ይጠብቃል?" አለኝ። ስምንት ዓመት ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም፤ የቀድሞው ሱቁ የጠፋው በ2008 ነውና እሱም ኑሮውን የሚቆጥረው ከዚያ ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ በከተማዋ የተገደሉ ሴቶችን የገደለው የውጭ አገር ሰው ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ከ300 በላይ የውጭ ሰዎች ሱቆች ተዘረፉ፤ 500 ያህል ሰው ከከተማ ወጥቶ ተጠለለ። የእሱን ሱቅ ጣሪያ ቆርቆሮ ሳይቀር ወሰዱት። ያን ጊዜ የባለሱቆቹ ሚስቶች፣ አብዛኞቹ የዚሁ አገር ሴቶች፣ ተደራጅተው ባሎቻችን ይመለሱ ብለው አደባባይ ወጥተዋል። የእሱም ሚስት ከእነሱ ጋር ነበረች። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋን አላነሣችም፤ የቡናውን ረከቦት እያስተካከለች ነበር።

በዚህ መሀል የሲዝዌን ታሪክ አነሣሁባቸው። እኔ በአማርኛ እነግረዋለሁ፣ እሱ በኮሳ ለሚስቱ ይመልስላታል። ሬሳው መንገድ ላይ ከተገኘበት ስደርስ ስኒውን አስቀመጠ።

"ደብተሩ ጊዜው አላለፈበትም?"

"አላለፈበትም።"

"ታዲያ ምን ይጠብቃል? ይውሰዳ!"

ሚስቱ በኮሳ መለሰችለት። "ስሙንስ ትላለች" አለኝ። "ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ የማን ልጅ ይባላል ትላለች። ሚስቱ አገር ቤት ሆና በማን ስም ደብዳቤ ትጽፍለታለች ትላለች።" ከዚያ እኔን ትተው ለሁለት ተያያዙት። እሱ እጁን ያወናጭፋል፣ እሷ በሲኒ ማቅረቢያው ጠረጴዛውን ትመታለች። "ተው" የምትለው አማርኛዋም ሁለት ጊዜ ወጣ። ሃምሳ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ካኒም ንትሾናም በሌሉበት፣ አንዲት ኩሽና ውስጥ አዳራሹ ሲነሣ እየሰማሁ ነው አልኩ። ፍርግርጉ ሲንኳኳ ሊሸጥ ተነሣ፤ ደንበኛው ብዙ ነበርና መጨረሻውን ሳልነግረው መሸ።

ልወጣ ስል ሚስቱ ወረቀት አሳየችኝ። ሰኞ ማታ እዚያው ሰፈር አዳራሽ ውስጥ የወጣቶች ቡድን አዲስ ቴያትር ያሳያል። ርዕሱን አንብባልኝ "ሱቅ" አለች፣ በአማርኛ። ያን ቃልም ታውቅ ኖሯል።

እሁድ፣ ሰኔ 16

ውሃ የለም፣ ነፋስ አለ። አንድ ቴያትር አይቼ ነበር፤ ብዙ ጭስ፣ ብዙ ጩኸት፣ ስለ ምን እንደሆነ ግን ያልገባኝ። ከሰላሳው ተመልካች አሥራ አንዱ ሳያልቅ ወጣ። ተነሥቶ መውጣት እዚህ ነውር አይደለም፤ ቀጣዩ ቴያትር በሌላ አዳራሽ ሊጀምር ስለሆነ ሊሆንም ይችላል። ተዋንያኑን ግን አየኋቸው፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ከውጭ በሚገባው ብርሃን ዓይናቸው ይከተል ነበር። ወጣቶች ናቸው። ቆይቼ አጨበጨብኩ።

ሰኞ፣ ሰኔ 17

ባለሱቁ ላለመምጣት ቀኑን ሙሉ ምክንያት ፈለገ። መጨረሻ ላይ ሚስቱ ፍርግርጉን ከውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረች።

አዳራሹ ቀዝቃዛ ነው፤ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ሁለት አምፖል። ሕፃናት ከፊት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሰው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው የመጣው። በሞኑመንቱ አዳራሽ ሰው ወደ ወንበሩ ነበር የሚሄደው፤ እዚህ ሰው ወደ ሰው ነው የሚሄደው፣ ቁጭ እስኪል ድረስ ሃያ እጅ ይጨብጣል። እኛ ከኋላ ጥግ ላይ ተቀመጥን። አንዳንዶች ባለሱቁን ሲያዩ አንዴ ዞረው፣ ደግመው ዞሩ። ያለ ፍርግርግ አይተውት አያውቁም መሰለኝ።

መድረኩ ላይ ያለው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ለብቻው የቆመ የብረት ፍርግርግ። ከጀርባው አንድ ወጣት ተዋናይ ገባና "ዬስ ማይ ፍሬንድ! ሃው ማች ማይ ፍሬንድ!" አለ፤ የባንግላዴሹን፣ የሶማሌውን፣ የእኛንም አነጋገር ቀላቅሎ። ሳቁ ግድግዳውን ነቀነቀው። ሕፃናቱ መሬት ላይ ተንከባለሉ። እኔ ወደ ጎኔ ማየት ፈራሁ። ቀስ ብዬ ሳይ ባለሱቁ ራሱ እየሳቀ ነው፤ ዓይኑን እየጠረገ። "እውነቱን ነው፤ ጠዋት ጠዋት ልክ እንደዚህ ነው የምንለው" አለኝ።

ሁለተኛዋ ተዋናይ የባለሱቁ ሚስት ናት፤ የሰፈሩ ልጅ። ሦስተኛው የወንድሟ ልጅ፣ ሥራ የሌለው። ከባለሱቁ ይልቅ በዚህ ልጅ ነው ብዙ የተሠራው። በዱቤ ይወስዳል፣ ይቀልዳል፣ ተመልካቹ ይወደዋል፤ ሲገባ ያፏጩለታል። ደራሲዎቹ ይህን አውቀው ነው ያደረጉት፤ ሰው መጀመሪያ የሚወደውን ሰው ሰጥተውታል። ከዚያ ወሬው ይመጣል። ወሬውን ተዋንያኑ በመድረክ አልተናገሩትም፤ ወርደው በሰው ጆሮ ሹክ እያሉ ከፊት ረድፍ ወደ ኋላ አሳለፉት። የእኔም ጆሮ ደረሰ። ምን እንደተባለ አልሰማሁትም፤ ሹክሹክታ ብቻ ነበር፣ ትርጉም የሌለው የትንፋሽ ድምፅ፤ ግን ሰው ሁሉ ወደ ጎረቤቱ እየዞረ ያቀብለው ነበር።

ከዚያ ዘረፋው። የወንድሟ ልጅ ፍርግርጉን አንኳኳው፣ ወዘወዘው፣ ገለበጠው። ከጀርባው ዳቦ ነበር፤ እውነተኛ ዳቦ፣ በላስቲክ የታሸገ። ወደ ተመልካቹ ወረወረው። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር። ሰው ቀለበ። እየሳቀ፣ እየተሻማ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተንጠራራ ቀለበ። በፊት ረድፍ የነበሩ እናት አንዱን በብርድ ልብሳቸው ሥር አደረጉት። "ሃይቦ!" የሚለው የመገረም ቃላቸው ከየአቅጣጫው ይሰማል። እኔም አጠገቤ ሊወድቅ የነበረውን ያዝኩ። ይዤው ነው ያወቅኩት።

መብራቱ ጠፍቶ ሲበራ ሚስትየዋ ብቻዋን መድረክ ላይ ቆማለች። ወረደች። ወደ መጀመሪያው ሰው ሄዳ እጇን ዘረጋች። በኮሳ ያለችውን ባለሱቁ በጆሮዬ ተረጎመልኝ፦ "ዳቦዬን።"

ሳቅ ነበር መጀመሪያ። ሰውዬው ሰጣት። ወደ ሁለተኛው፣ "ዳቦዬን።" ሰጣት። ሦስተኛው ላይ ሳቁ እየሟሸሸ መጣ። አንድ ልጅ ከፍቶ መብላት ጀምሮ ነበር፤ የተገመጠውን ዘረጋላት፣ ተቀበለችው። ብርድ ልብስ ሥር የደበቁት እናት ፊት ቆማ እጇን ዘረጋች። እናትዮዋ አልሰጡም። ቀጥ ብለው አዩዋት። ልጅቷም እጇን አላጠፈችም። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ በእኔ ሙያ በመድረክ ላይ አሥር ሰከንድ ዝምታ ረጅም ነው፣ ይህ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ከበሩ አጠገብ የነበሩ ሦስት ወንዶች ተነሥተው ወጡ፤ አንደኛው በሩን ወርውሮ ዘጋው። አንዲት ሴት ከመሀል "ስጫት እንጂ!" የሚመስል ነገር ጮኸች፤ ሌላዋ "የራሷ ገንዘብ ነው እንዴ?" ብላ መለሰችላት። እናትዮዋ እንደያዙ ቀሩ። ተዋናይዋ ራሷን ዝቅ አድርጋ አልፋቸው ሄደች።

እኔ ጋ ስትደርስ ዳቦው በእጄ ሞቆ ነበር። ሰጠኋት። ከእኔ ቀጥሎ ባለሱቁ ነው፤ ባዶ እጁን ነበር የተቀመጠው። አየችውና ቆመች። በእቅፏ ካለው ክምር አንዱን አንሥታ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት። ይህ በድርሰቱ ውስጥ ያለ አይመስለኝም፤ መድረክ ላይ የነበረው ተዋናይ አንገቱን አስግጎ ሲያይ አየሁት።

እኛ አገር የመጀመሪያው የአማርኛ ቴያትር ተብሎ የሚታወቀው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም "ፋቡላ" አውሬዎቹን እያናገረ መኳንንቱን ሲወቅስ ያገኘው ምላሽ እገዳ ነበር። ተምረን የወጣነው ይህን እንደ ጥንት ነገር እያወራን ነው። ዛሬ በሩን ወርውረው የወጡትን ሰዎች ሳይ፣ ከቴያትሩ መጨረሻ ድረስ ከተቀመጡት ከብዙዎቻችን ይልቅ የተነኩት እነሱ እንደሆኑ ተሰማኝ። ውጭ ስንወጣ አልሄዱም ነበር፤ ከአጥሩ ጥግ ቆመው ሲጋራ እያጨሱ ይጨቃጨቃሉ። ባለሱቁን ሲያዩ ዝም አሉ። አንዱ "ማይ ፍሬንድ" አለው። እሱም "ማይ ፍሬንድ" አለና አለፍን።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 18

ሚኒባሱ የሚነሣው ስምንት ሰዓት ላይ ስለሆነ ጠዋቱን ሱቅ ውስጥ፣ ከፍርግርጉ ጀርባ ሆኜ አሳለፍኩ። ረዳት አዘጋጅ ከሆንኩ ወዲህ ከዚህ የተሻለ ቦታ ቆሜ አላውቅም።

ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ሕፃናት መጡ። አንዱ እጁን በፍርግርጉ አስገብቶ በወፍራም ድምፅ "ዳቦዬን!" ይልና ሁሉም እየሮጡ ይበተናሉ፤ ተመልሰው ደግሞ ይጀምራሉ። አንድ ሽማግሌ ላምባ ሲገዙ "አንተ ነህ ይህን ለልጆቹ የነገርካቸው?" ብለው ጠየቁት። "እኔ አይደለሁም፣ እነሱ ራሳቸው ያውቁታል" አላቸው። ሽማግሌው "እናውቀዋለን" አሉና መልሳቸውን ቆጥረው ሄዱ። አንዲት ወጣት ሴት ግን ተቆጥታ ነበር፤ ያን ቀን ሰፈሩ ውስጥ ያልዘረፈ፣ ያስጠለለ፣ የደበቀም ሰው እንደነበረ፣ ቴያትሩ እነሱን እንዳላሳየ ተናገረች። ሚስትየዋ ከጓዳ ወጥታ ረጅም ጊዜ አወሩ። እውነቷን እንደሆነ ባለሱቁም ነገረኝ፤ እሱን ራሱን በዚያ ሌሊት የደበቀው ከሦስት ቤት ወዲያ ያለ ጎረቤት ነው። ለቡድኑ ልጆች ይህን እንድትነግራቸው አድራሻቸውን ሰጠኋት፤ እስከ እሁድ ድረስ ፌስቲቫሉ አላለቀምና ሊጨምሩት ይችላሉ።

አራት ሰዓት ገደማ እናትዮዋ መጡ። ብርድ ልብሱ ያው ነው። ግማሽ ዳቦና አንድ ሻማ ጠየቁ። ስለ ትናንቱ አንድም ቃል አልወጣቸውም፤ እሱም አልተናገረም። የዱቤ ደብተሩን ከመደርደሪያው አወረደ፣ ገጻቸውን ገለጠ፣ ጻፈ። ሲሄዱ ገጹን አየሁት፤ ከላይ እስከ ታች ሞልቷል።

ሚስቱ ለመንገድ ቆሎ ቋጠረችልኝ። ቦርሳዬን አንሥቼ ከሱቁ ስወጣ ከፍርግርጉ ጀርባ ጠራኝ።

"እህቴ! ያ ሰውዬ… ሲዝዌ። ደብተሩን ወሰደ ወይስ አልወሰደም?"

"ወሰደው" አልኩት። "ፎቶ ቤት ገብቶ ፎቶ ተነሣ፤ ለሚስቱ ከደብዳቤ ጋር ላከላት።"

ጥቂት አሰበ። "በየትኛው ስም?"

ልመልስለት ስል አንዲት ልጅ በእግሯ ጣት ተንጠራርታ አንድ ዳቦ ብላ ሳንቲሟን በፍርግርጉ አስገባች፣ እሱም ወደ እሷ ዞረ።